ባዶ የሚያመላልሱት ቱቦዎች

ልጆቼ፣ የዚህን መሥሪያ ቤት ስም አልጠራላችሁም። ፈርቼ አይደለም፤ ስሙ ረጅም ስለሆነ ነው። በሩ ላይ የተሰቀለው ሰሌዳ አልበቃው ብሎ የስሙ ጭራ በሁለተኛ ሰሌዳ ላይ ነበር የሚቀጥለው። ሁለተኛውን ሰሌዳ አንድ ቀን የጅግጅጋ ነፋስ ገንጥሎ ወሰደው፤ መሥሪያ ቤቱ ምን እንደሚሠራ የሚናገረውም እሱ ነበር። ማንም አልተቸገረም። ሠራተኛው እንደ ወትሮው ገባ፣ ፈረመ፣ ወጣ። ይህን የምላችሁ ለመንቀፍ እንዳይመስላችሁ። እዚያ ግቢ ውስጥ የተሠራውን ታላቅ ሥራ ባሰብኩ ቁጥር ዛሬም ልቤ ይሞላል።

ጊዜው የለውጥ ጊዜ ነበር። መሥሪያ ቤት ሁሉ "መሠረታዊ የአሠራር ሂደት ለውጥ" የሚባለውን ያጠና ነበር። እንደኔ ፊደል ብቻ ለቆጠረ ሰው ባጭሩ ሲያስረዱኝ፣ በብዙ ሰው እጅ የሚዞር ጉዳይ በአንድ ሰው እጅ ይለቅ ማለት ነው አሉኝ። ምን ይወጣለታል? መልካም ነገር ነው።

የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ አቶ ዐብዲዐዚዝ ለዚህ ሥልጠና ሐዋሳ ድረስ ሄደው፣ ሐይቁ ዳር ሰንብተው ሲመለሱ ሌላ ሰው ሆነው ተመለሱ። ሲሄዱ "እንዴት አደሩ?" ሲሏቸው "አልሐምዱሊላህ" የሚሉ ሰው፣ ሲመለሱ "ከጤንነት አንጻር ክፍተት የለብኝም" ይሉ ጀመር። ከኋላቸው የማይጠፋው የለውጥ ቡድኑ ጸሐፊ ቀለመወርቅ ነው። ቀለመወርቅ አያቱ በወታደርነት መጥተው እዚሁ የቀሩ የጅግጅጋ ልጅ ነው፤ ሶማልኛውን እንደ አማርኛው ያንበለብለዋል። ለውጡ ከመጣ ወዲህ ግን በሁለቱም ቋንቋ የሚለውን የሚረዳ ሰው ጠፋ።

ያ በነፋስ የሄደው ሰሌዳ እንደሚለው፣ የመሥሪያ ቤቱ ሥራ የአርብቶ አደሩን ከብት ማከም ነበር። እንግዲህ አንድ ሰኞ ጠዋት ይህን ሥራውን የሚያስታውስ ሰው መጣበት።

ዑባህ ትባላለች። አገሯ ከአውበሬ ማዶ ነው። የመጣችው ጫት አራግፋ ባዶዋን በምትመለስ ፒካፕ ተሳፍራ ነው፤ እዚያ አገር በሰዓቱ ሄዶ በሰዓቱ የሚመለስ የጫት መኪና ብቻ ነው፣ ያውም ያለ ምንም ጥናት። ባሏ ከሞተ ወዲህ ልጆቿን የምታሳድገው በፍየል ነው። ወተታቸውም፣ ልብሳቸውም፣ የትምህርታቸውም ነገር ፍየል ነው። ያ መንጋ ደግሞ ማሳል ጀምሯል።

የእንስሳት ሐኪሟ ፋይሶ አስቀምጣ ጠየቀቻት። የተነጋገሩት በሶማልኛ ነው፤ እኔ እንደሚሆንልኝ አድርጌ በአማርኛ ላውራችሁ።

"አፍንጫቸው ፈሳሽ አለው?"

"አለው።"

"ሲተነፍሱ ያቃስታሉ?"

"እንደ ሰው ነው የሚያቃስቱት፣ ልጄ። ሁለቱ ትናንት ሞቱ።"

"የፍየል ሳንባ በሽታ ነው፣ ኤዶ" አለቻት፤ አክስቴ እንደ ማለት ነው። "የታመሙትን እንጃ፣ ያልታመሙትን ግን ቶሎ ከከተብናቸው ይተርፋሉ። ክትባቱ እዚሁ ማቀዝቀዣ ውስጥ አለ።"

"ታዲያ ተነሺ እንሂድ!"

"መኪና ላስፈቅድ።"

መሥሪያ ቤቱ አንዲት ነጭ መኪና ነበረችው። ቱርቦ ናት። ሾፌሯ ቀናው አንድ ቀን "መኪናዋ" ብሎ ጠርቷት አያውቅም፤ "ቱርቦዋ" ነው የሚላት። ነዳጅ ረገጥ ሲያደርግላት የምታሰማውን ፉጨት ለመስማት ሲል ብቻ ከተማውን አንዴ ዞሮባት ይመጣል። ባትሪዋ ከሞተ ቆይቷል፤ ጠዋት ጠዋት ሠራተኛው ወጥቶ እየገፋ ያስነሳታል፤ ይኸውም በሪፖርት ላይ "የቡድን ሥራ መንፈስን ማጎልበት" ተብሎ ይገባል።

ቀናው ፋይሶን፣ "አንዲት ቀጭን ቱቦ ተሰንጥቃ ትተነፍሳለች። ዋበሪ ጋራዥ ቁራሽ ጎማ ላስቀጥልና እንሄዳለን። ሻይ ጠጥታችሁ ሳትጨርሱ እመጣለሁ" አላት።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ኖሮ፣ ልጆቼ፣ ለውጥ የሚባል ነገር ከጅግጅጋ ደጃፍ ተመልሶ በሄደ ነበር። ደግነቱ አቶ ዐብዲዐዚዝ ሰሙ። "በለውጥ ዘመን መሪ ወደ ታች ወርዶ ያያል" ብለው ከቢሯቸው ወረዱ። የወረዱት አንዲት ደረጃ ነው።

ኮፈኑ ተከፈተ።

መቼም የቱርቦ ሞተር ውስጡን ያያችሁ ታውቁታላችሁ። ጣት የሚያካክሉ ጥቁር የጎማ ቱቦዎች አንዱ ባንዱ ላይ እየተጠማዘዙ፣ በዚህ ገብተው በዚያ እየወጡ፣ ሠርግ ቤት ደጃፍ የተከመረ ጫማ ክር ይመስላሉ። አቶ ዐብዲዐዚዝ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ብዙ አዩ።

"ይህ ሁሉ ምንድነው?"

"ቱቦ ነው፣ ጌታዬ" አለ ቀናው።

"ቱቦ መሆኑንማ አየሁ። ከየት ወደ የት ነው?"

"ይሄ ከዚህ ወደዚያ። ያ ከዚያ ወደዚህ። ይሄኛው ደግሞ ከሁለቱ ይቀበልና ለዚያ ይሰጣል።"

አቶ ዐብዲዐዚዝ ቀለመወርቅን አዩት። ቀለመወርቅም አቶ ዐብዲዐዚዝን አያቸው።

"ቅብብሎሽ!" አሉ ባንድ አፍ።

ወዲያው የጋራዡ ባለቤት ዋበሪ ተጠራ። እጁን በጨርቅ እየጠረገ መጣ።

"ዋበሪ፣ እነዚህ ቱቦዎች ምን ይዘው ነው የሚመላለሱት? ውሃ ነው?"

"ውሃ አይደለም።"

"ነዳጅ?"

"አይደለም።"

"እሺ አየር?"

"ወላሂ አየርም የለባቸው። ሞተሩ አየሩን መጥጦ ያወጣዋል። በዚያ መምጠጥ ነው ፍሬኑ የሚታገዘው፣ ሞተሩም የሚጠፋው። ሥራቸው መምጠጥ ነው።"

"አሁን ውስጣቸው ምን አለ?"

"ምንም።"

"ምንም?"

"ባዶ ነው።"

አቶ ዐብዲዐዚዝ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉና መልሰው አደረጉት፤ እንዲህ የሚያደርጉት ታሪክ ሲሠራ ነው። "መንግሥት በገዛው መኪና ውስጥ ከጫፍ እስከ ጫፍ ባዶ የሚያመላልስ መዋቅር!" አሉ።

"ያውም ሥራው መምጠጥ ነው ብሏል" አለ ቀለመወርቅ። "ይህ እንግዲህ የለየለት ኪራይ ሰብሳቢ ነው።"

"ዋበሪ፣ መቀነስ ይቻላል?"

"ይቻላል።"

"አብዛኛውን ማስወገድስ?"

"ይቻላል።"

"ቢጨመርስ?" አለ ቀናው በምሬት።

"እሱም ይቻላል።" ዋበሪ ጋራዥ ከከፈተ ጀምሮ "አይቻልም" ብሎ አያውቅም፤ ደንበኛው የበዛው ለዚህ ነው።

"ጌታዬ፣ ፍሬኑ ግን በ..."

"ቀናው፣ አንተ የለውጡ ተጠቃሚ ነህ። ተቃዋሚ እንዳትሆን።"

ፋይሶ ጠጋ ብላ፣ "አቶ ዐብዲዐዚዝ፣ ፍየሎቹ እየሞቱ ነው። ቱቦውን ስንመለስ ብታጠኑትስ?" አለቻቸው።

"እኅቴ፣ ባልተሻሻለ መኪና የተሻሻለ አገልግሎት አይሰጥም። ፍየሎቹም ቢሆኑ የለውጡ ባለድርሻ አካላት ናቸው። ትንሽ ይታገሡን።"

ዑባህ ግቢው ውስጥ ካለው ግራር ሥር ሆና ፋይሶን ጠራቻት። "ምን ይላሉ?"

"መኪናዋን ሊያሻሽሏት ነው።"

"ታማለች እንዴ?"

"ብዙም አልታመመችም።"

"ታዲያ?"

ፋይሶ በረዶ ፍለጋ ሄደች። መብራት ጠፍቶ ስለነበር ክትባቱ እንዳይሞቅ ከየጭማቂ ቤቱ በረዶ መለመን ነበረባት። ማክሰኞንም ሙሉ በዚሁ ዋለች።

ጥናቱ በማግሥቱ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ግራሩ ሥር ተካሄደ። ሰዓቱ የበርጫ ሰዓት ነው፤ ምንጣፍ ተነጥፎ፣ ሁሉም ጫቱን ይዞ ተቀምጧል። ጠዋት ቢሰበሰቡ ኖሮ ሐሳብ እንዲያ አይጎርፍም ነበር። በምርቃና ሰዓት የማይፈታ የአገር ችግር የለም፤ የሚያሳዝነው ማታ ተመልሶ መቋጠሩ ነው።

አቶ ዐብዲዐዚዝ ለውጡን ከአገሩ ወግ ጋር ማጣጣም ፈለጉ። የሶማሌ ሽማግሌዎች ዛፍ ሥር ሲቀመጡ ማንም ቢሆን የሚናገርለት ወገን ሳይቆምለት አይፈረድበትም። "ስለዚህ" አሉ፣ "ለእያንዳንዱ ቱቦ ወገን እንሰጠዋለን። እያንዳንዱ ክፍል በዕጣ የደረሰውን ቱቦ ይዞ ይሟገትለት። የሚናገርለት ያጣ ይወገዳል።" እንዴት ያለ ፍትሕ ነው! ሰው እንኳ ይህን ያህል አያገኝም።

ቱቦዎቹ ላይ ባለ ቀለም ጥብጣብ ታሰረ፤ ዕጣ ወጣ። እንግዲህ የሰማሁትን ክርክር ብነግራችሁ የሕግ ትምህርት ቤት የገባችሁ ይመስላችኋል። የፋይናንስ ኃላፊው፣ "ይህ ቱቦ በበጀት ዓመቱ አጋማሽ ቢቆረጥ የሒሳብ መዛባት ያመጣል" አሉ። ተረፈ። የሰው ሀብቱ፣ "ይህ ረጅም ዘመን ያገለገለ ነው፤ ያለ ማስጠንቀቂያ ማሰናበት አይቻልም" አሉ። ተረፈ። የሕዝብ ግንኙነቱ ደግሞ፣ "የኛው ፊት ለፊት ስለሆነ ፎቶ ላይ ይታያል" አሉ፤ እሱ በጭብጨባ ተረፈ።

ቀናው ስለ ፍሬን ሊናገር ተነሣ።

"ሾፌር አንድ ቱቦ ብቻ ነው የሚደርሰው" አለው ቀለመወርቅ። "የቱርቦውን ፉጨት የሚሰጠው ቱቦ ወገን አልተገኘለትም፤ ሊወገድ ነው። እንግዲህ ምረጥ።"

ቀናው ፍሬኑን አሰበ። ፉጨቱን አሰበ። ላቡን ጠረገ።

"ፉጨቱ ይቅርልኝ" አለ።

አትፍረዱበት፣ ልጆቼ። ሰው ነው።

ለእንስሳት ጤና ክፍል በዕጣ የደረሱት ሁለት ቱቦዎች ነበሩ፤ አንዱ ፍሬኑን የሚያግዘው፣ አንዱ ቁልፍ ሲዞር ሞተሩን የሚያጠፋው። ክፍሉ ማለት ፋይሶ ናት። ፋይሶ ደግሞ በረዶ ልመና ላይ ናት።

"ለነዚህ የሚናገር አለ?" አሉ አቶ ዐብዲዐዚዝ። ዙሪያውን አዩ። "የሚናገር አለ?"

ሴት እዚያ ሸንጎ ላይ መናገር ልማድ ባይሆንም ዑባህ ከጥላው ጫፍ ተነሣች። "እኔ ልናገርላቸው?"

"አንቺ የማን ወገን ነሽ?"

"የፍየሎቹ።"

"አጀንዳው ቱቦ ነው" አለ ቀለመወርቅ፤ አስቀመጣት። ቀጥሎም የሁለቱን ቱቦዎች ሥራ ለጉባኤው አነበበ። "የአንደኛው ተግባርና ኃላፊነት፦ ማቆም። የሁለተኛው፦ ማጥፋት።"

"ማቆምና ማጥፋት!" አሉ አቶ ዐብዲዐዚዝ ራሳቸውን እየነቀነቁ። "ወገኖቼ፣ እኛ ወደ ፊት እየሄድን ነው። ከነዚህ የትኛው ነው ከልማት ጋር የሚሄደው?"

በሙሉ ድምፅ ተወገዱ። ዋበሪ እዚያው ቆርጦ፣ ጫፋቸውን በብሎን ደፈነ። ሲደፍን ትንሽ አመነታ ይባላል፤ "ይቻላል አይደል?" ሲሉት ግን "ይቻላል" አለ።

ረቡዕ ምረቃ ሆነ። የተቆረጡት ቱቦዎች ነጭ ጨርቅ በለበሰ ጠረጴዛ ላይ ተዘርግተው ሕዝብ እንዲያያቸው ተደረገ። አቶ ዐብዲዐዚዝ ንግግር አደረጉ። "እነዚህ የምታዩአቸው ባዶ ነገሮች ለዓመታት ጀርባችን ላይ ነበሩ" አሉ። ተጨበጨበ። አንድ ሰው ደግሞ ቱቦዎቹን እያየ "እባብ ናቸው?" ብሎ ጠየቀ፤ ለሱም ተጨበጨበ።

ፋይሶ በረዶና ክትባት የሞሉ ሁለት ሳጥኖች ይዛ መጣች። የተሰጣት ተስፋ እንዲህ ነው፦ መኪናዋ የክብር ጉዞዋን እስከ ካራማራ አናት አድርጋ፣ ተመልሳ ኃላፊዎቹን መሥሪያ ቤቱ በር ላይ አውርዳ፣ ፋይሶንና ዑባህን ይዛ ወደ አውበሬ ትሄዳለች። ፋይሶ ግን ቃል ጠገበች መሰለኝ፣ "እኛም ከሳጥኑ ጋር አሁኑኑ እንገባለን" አለች። ከኋላ ግን የተጠቀለለው መፈክርና የለውጡ መጽሔት እሽግ ስለነበር አንዱ ሳጥን ቦታ አጣ። "ይህኛው ወደ ማቀዝቀዣው ይመለስ" አለ ቀለመወርቅ። "መጽሔቱ አይመለስም፤ ለአርብቶ አደሩ የሚታደል ነው።" በየትኛው ቋንቋ እንደተጻፈ ፋይሶ አልጠየቀችውም።

ሠራተኛው ገፍቶ አስነሣት። አቶ ዐብዲዐዚዝ ፊት፣ ቀለመወርቅና ሁለቱ ሴቶች ከኋላ ሆነው ወጡ። ሽቅብ ሲወጡ እንዴት ያለ ፉጨት! ቀናው ፊቱ በራ። "ሰማችሁት?" ይላል። ካራማራ አናት ላይ ዞሩ። ቁልቁለቱ ጀመረ።

"ቀናው፣ ቀስ በል።"

"እያልኩ ነው፣ ጌታዬ።"

"ፍሬን ያዝ እንጂ!"

"ይዣለሁ። በሁለት እግሬ ቆሜበታለሁ።"

"ታዲያ?"

"እንደ ድንጋይ ደርቋል። እኔ ነኝ የያዝኩት፤ እሷ አልያዘችም።"

"ሞተሩን አጥፋው!"

ቀናው ቁልፉን አዞረ። ሞተሩ ምንም አልመሰለውም። የታዘዘውን የሚያደርስለት ቱቦ ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቷል።

"አጥፋው ነው የምልህ!"

"ቁልፉ ጠፍቷል፣ ጌታዬ። ሞተሩ ነው ያልጠፋው።"

ቀለመወርቅ ያን ጊዜ ድምፁን ከፍ አድርጎ ጸሎት ጀመረ። ዑባህም በራሷ ጸሎት ተከተለችው። ፋይሶ ሳጥኑን አቅፋ ነበር፤ ሌላ ነገር አላቀፈችም። ቀናው ከባድ ማርሽ አስገብቶ፣ መኪናዋ እያጓራች፣ በየጠመዝማዛው ግመልና ባጃጅ እየሳተች እንደ ምንም ሜዳው ላይ ወረዱ።

መሥሪያ ቤቱ በር ላይ ሠራተኛው ተሰልፎ እያጨበጨበ ይጠብቃል። ነጯ ቱርቦ መጣች፤ እያፏጨች በፊታቸው አለፈች። ሠራተኛው "እንዴት ፈጠነች!" ብሎ ባሰ አጨበጨበ። አቶ ዐብዲዐዚዝ በመስኮቱ እጃቸውን አወጡ፤ ለእርዳታ ነው ያወጡት፤ ሕዝቡ ግን ሰላምታ ነው ብሎ መለሰላቸው።

"በማርሽ አንቄ ላቆማት እችላለሁ" አለ ቀናው ገበያው ፊት ሲደርሱ። "ከታነቀች ግን መግፋት ነው። ባትሪ የለም።"

"ማን ይገፋል?"

"ከኔ በቀር እዚህ ውስጥ ያለ ሁሉ።"

አቶ ዐብዲዐዚዝ ወደ ውጭ አዩ። የሥጋ ሻጩ፣ የዶላር መንዛሪው፣ የልብስ ነጋዴዎቹ፣ አማታቸው ሳይቀሩ መንገድ ዳር ቆመዋል። የምረቃ ዕለት፣ በሙሉ ልብስ፣ የተሻሻለችውን መኪና ሲገፉ! ክራቫታቸውን አስተካከሉ።

"ቀጥል" አሉ። "ይህ የመስክ ጉብኝት ነው።"

"በዕቅድ የተያዘ" አለ ቀለመወርቅ ጸሎቱን አቋርጦ።

"ወዴት ልያዘው?"

"ወደ አውበሬ!" አለች ፋይሶ። የሚከራከራት አልነበረም።

እንዲህ ያለ ጉዞ በመሥሪያ ቤቱ ታሪክ ታይቶ አያውቅም። ለሻይ አልቆሙም። ለምሳ አልቆሙም። ለጫት እንኳ አልቆሙም። ኬላ ላይ ያለው ፖሊስ ፉጨቱንና አመጣጧን አይቶ፣ እንዲህ የሚመጣ ትልቅ ባለ ሥልጣን ብቻ ነው ብሎ ገመዱን ጣለና ሰላምታ ሰጠ። ከአውበሬ አልፈው የዑባህ የእሾህ አጥር ዘንድ ሲደርሱ ቀናው ሦስቴ አራቴ ዞረው። ሕፃናቱ በሳቅ ሞቱ። በመጨረሻ አንድ ትልቅ ኩይሳ መርጦ አፍንጫዋን አስደገፋት፤ ሞተሩ ሳል ቢጤ አሰምቶ ጠፋ።

ዑባህ ወርዳ ወደ አጥሩ ሮጠች። በሌለችበት ሦስት ሞተዋል። ያልታመሙት በአንድ ወገን ተለይተው ነበር። ፋይሶ እጅጌዋን ሰበሰበች።

"ዋርያ፣ አንተ ወፍራሙ!" አለች ዑባህ። "ና ያዝ!"

"እኔ የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ነኝ" አሉ አቶ ዐብዲዐዚዝ።

"መልካም። ቀንዷን ያዝ።"

ያዙ። እስኪመሽ ያዙ። ቀለመወርቅም መጽሔቱን ሊያድል ቢጀምር ፍየሎቹ እየተቀበሉ በሉለት፤ ኋላ እሱም የኋላ እግር ይይዝ ጀመር። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ሁለቱም በዚያ ዓመት ከሠሩት ሥራ ሁሉ የሚታይ ይህ ብቻ ነበር። ክትባቱ ግን አለቀ። የመንጋው እኩሌታ ከትልቁ ልጇ ጋር ውሃ ወዳለበት ሄዶ ነበር፤ ዛሬ ነገ ይመለሳል።

"ሁለተኛው ሳጥንስ?" አለች ዑባህ።

ፋይሶ አቶ ዐብዲዐዚዝን አየቻቸው።

"ሐሙስ፣ ማለትም ነገ፣ ይመጣል" አሉ እሳቸው፣ ከልባቸው። የፍየል ፀጉር ፊታቸው ላይ ተለጥፏል።

ዑባህ ከጎረቤት የግመል ወተት አምጥታ ሰጠቻቸውና አጠገባቸው ቁጭ አለች። "እኔ ግን አንድ ነገር አልገባኝም። ባሌ በሕይወት እያለ መጥተን ለመንናችሁ፤ አልመጣችሁም። አምና ለመንን፤ አልመጣችሁም። ዛሬ ምን አመጣችሁ?"

"ቱቦ ተቆርጦ ነው" አለ ቀናው፣ ሳያስበው።

"የምን ቱቦ?"

"የሚያቆመው።"

ዑባህ የወተቱን ዕቃ መሬት አስቀመጠች። "እና እስከ ዛሬ ይዟችሁ የኖረው እሱ ነው?"

መንደሩ በሙሉ ወጥቶ መኪናዋን ሲገፋ አቶ ዐብዲዐዚዝም ገፉ፤ አማታቸው እዚያ አልነበሩም። ቀናው በአንደኛ ማርሽ እንደ ግመል እያዘገመ ወደ ጅግጅጋ መለሳቸው።

አሁን እንደ ሞኝ ሰው ነገሩ እዚህ ያበቃል ትሉ ይሆናል። መሥሪያ ቤት ግን ከስሕተቱ የሚማር ተቋም ነው። ሐሙስ ጠዋት አስቸኳይ ግምገማ ተጠራ። ቀለመወርቅ ሪፖርቱን አቀረበ። "ተሽከርካሪዋ ከማሻሻያው በኋላ ያለ ኃላፊ ፈቃድ በቀጥታ ወደ ኅብረተሰቡ የመሄድ አዝማሚያ አሳይታለች። ይህ በወቅቱ ካልታረመ ወደ ሌሎች ተሽከርካሪዎች የመዛመት ዕድል አለው።"

ጉባኤው ደነገጠ። ቱቦዎቹ በአስቸኳይ ወደ ቦታቸው እንዲመለሱ፣ ለጥንቃቄም አንድ ተጨማሪ እንዲቀጠል ተወሰነ።

"ይቻላል?"

"ይቻላል" አለ ዋበሪ።

ፋይሶ ሳጥኗን ይዛ ሐሙስ ጠበቀች። ቱቦ ፍለጋ ተሄዷል አሏት። አርብ ጠበቀች። አርብ ጁምዓ ነው። ቅዳሜ ቱቦዎቹ ገቡ፤ ፍሬኑም ዱሮ ከነበረው በላይ ለስላሳ ሆነ። ቀናው በትንሽ ጣቱ ተጭኖ አሳያቸው፤ ቁልፉንም ሲያዞረው ሞተሩ ወዲያው ዝም አለ። የታደሰችው መኪና ግን ሳትመረቅ መንቀሳቀስ አትችልም፤ የምረቃው እንግዳ ደግሞ ደገሀቡር ስብሰባ ላይ ናቸው። ስለዚህ ግራሩ ሥር ጥላ ተመርጦላት፣ አንድም ነገር ሳይጎድላት ቆመች።

በሚቀጥለው ማክሰኞ የፋይሶ ስልክ ጮኸ። ዑባህ ናት፤ ከድንበሩ ወዲያ ማዶ በሚሸጥ ሲም ካርድ ነው የደወለችው። መንጋው ከውኃው ተመልሷል። ከድምፅዋ ኋላ የፍየሎች ሳል ይሰማል።

"ልጄ ፋይሶ፣ ስንት ቀን ሆነ?"

"አውቃለሁ፣ ኤዶ።"

"ቱቦውን መለሱት እንዴ?"

ፋይሶ በመስኮቱ አሻግራ ነጯን መኪና አየቻት።

"መለሱት።"

"በጫቷ መኪና እየመጣሁ ነው" አለች ዑባህ። "ቢላ ይዣለሁ። አንቺ የቱ እንደሆነ ብቻ አሳዪኝ።"